በአንድ ደመወዝ ሁለት ኑሮ

እኔና ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የምትሠራው ባልደረባዬ እኩል ደመወዝ እንበላለን። በአንድ ዓመት ተመርቀን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ተቀጥረን፣ የደረጃ ዕድገቱንም ተከታትለን ነው ያገኘነው። ግብራችን፣ የጡረታ መዋጯችን፣ በእጃችን የሚገባው የተጣራ ክፍያ አንድ ነው። የደመወዝ ሰነዱን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ሳንቲሙ ሳይቀር አውቀዋለሁ። እሷ ግን ቤት አላት፣ መኪና አላት፣ በልጆቿ ስም የተቀመጠ ገንዘብ አላት። እኔ ወጣትነቴን ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃ ሳመላልስ ጨረስኩት። ከሁለታችን ምሳ ቋጥሬ የምመጣው፣ ታክሲ ትቼ በእግሬ የምሄደው፣ ልብስ በዓል ሲደርስ ብቻ የምገዛው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ የቁጠባ ጉዳይ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ገንዘቤ የት እንደሚሄድም ሁልጊዜ አውቅ ነበር። መናገሩ ነው የከበደኝ። እናትን መጦር፣ ታናናሾችን ማስተማር በኛ ዘንድ ጽድቅ ነው፤ «ዋጋ አስከፈለኝ» ያለ ሰው ጽድቁን መልሶ የጠየቀ ይመስላል። እኔ ያደረግሁትን መልሼ አልጠይቅም፤ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ። ዋጋው ግን ነበረ፣ ከባድም ነበር። ለዓመታት በሆዴ ይዤው ስኖር ባልደረባዬን ሳያት ልቤ ይጨልም ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ።

አባቴ ያረፈው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ እናቴ ከኔ በታች ያሉትን አምስት ልጆች ይዛ ቀረች። ሥራ ስይዝ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ተመስገን በይ፣ ጧሪ አገኘሽ» አላት። የመጀመሪያ ደመወዜን እንደተቀበልኩ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። የአገራችን ሰው የሆነ ሾፌር ነበር፤ ገንዘቡን በፖስታ አሽጌ፣ የእናቴን ስም ጽፌ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ደመወዝ በወጣ ማግስት አውቶቡስ ተራ መሄድ ልማዴ ሆነ። ከስሙ በታች ዝርዝር እጽፋለሁ፤ ይህን ያህሉ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ይህን ያህሉ ለዩኒፎርምና ለደብተር፣ ይህን ያህሉ ለጨውና ለጋዝ። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ታናሽ እህቴ ታነብላት ነበር። ማዳበሪያው ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ዕዳው ካልተከፈለ ለሚቀጥለው ክረምት ማግኘት ይቸግራል፣ ያለ ማዳበሪያ ደግሞ የኛ መሬት ጤፍ አይሰጥም። በመሐል ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ላም ትሞታለች። ዛሬ በቴሌብር በደቂቃ ይደርሳል፤ ያኔ ፖስታው ደረሰ አልደረሰ እስክሰማ ድረስ ቀናት እቆጥር ነበር። ከተረፈኝ ግማሽ በላዩን የቤት ኪራይ ይወስደዋል።

ባልደረባዬ ሥራ በጀመርን ሰሞን አገባች። የባሏ ደመወዝ ከኛ ብዙም አይበልጥም፤ ወላጆቹ ግን ገርጂ ሰፊ ግቢ አላቸው። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ጣሪያዋን አድሰው፣ ወለሏን ሊሾ አስደርገው «እስክትጠነክሩ እዚህ ኑሩ» አሏቸው። እነሱም እስኪጠነክሩ ኖሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኪራይ የሚባል አልከፈሉም፤ መብራቱና ውሃው እንኳ በዋናው ቤት ቆጣሪ ነበር። ስትወልድ ያረሰቻት እናቷ ናት፤ ልጆቹንም ሁለቱ አያቶች እየተፈራረቁ ያዙላት። ሠራተኛም ሞግዚትም ሳትቀጥር፣ ከሥራ ሳትቀር፣ የደረጃ ዕድገት ሳያመልጣት ልጆቿ ለትምህርት ደረሱ። ሠርጉን የደገሱት ቤተሰቦቿ ነበሩ፤ ሽልማት ተብሎ የገባው ገንዘብ ለዕቁብ መነሻ ሆናቸው። ሁለት ደመወዝ ወደ አንድ ቤት ይገባል፣ የሚወጣው ደግሞ የቀለብና የልብስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር።

እኔም የወደድኩት ሰው ነበር። የተዋወቅነው እዚያው አውቶቡስ ተራ ነው፤ እሱ ወደ ደሴ የሚሄድ ፖስታ ይዞ፣ እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ። መምህር ነው፣ እሱም ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ። ስለ ራሴ ምንም ማስረዳት ያላስፈለገኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ትዳር አነሳን። ወረቀት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሙያዬ ነው። በግራ በኩል ሁለቱን ደመወዝ ደመርኩ። በቀኝ በኩል እሱ ለቤተሰቦቹ የሚልከውን፣ እኔ የምልከውን፣ የሱ እህትና የኔ ወንድም በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚያስፈልጋቸውን፣ የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትራንስፖርት አንድ በአንድ ጻፍኩ። ቀኙ በለጠ። ሠርጉን ገና አልጻፍነውም፤ የሱ ዘመድ ከወሎ፣ የኔ ከጎጃም መጥቶ ሳይበላ ሳይጠጣ እንደማይሆን ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ወረቀቱን ብዙ ሲያይ ቆየና «እኔ እናቴን አልተውም፤ አንቺንም እናትሽን ተዪ አልልሽም» አለኝ። የበለጠ የወደድኩት ይህን ስላለኝ ነው። «ልጆቹ ይመረቁና እናየዋለን» ተባባልን። እነዚያ ሲመረቁ ከሥራቸው ያሉት ደረሱ። ቆይቶ አባቱ ሲታመሙ ወደ ደሴ ተዛወረ፣ እዚያው ቤት መሠረተ።

ያን ወረቀት ዛሬ ብሠራው አንድ መስመር እጨምርበታለሁ፤ ሁለት ኪራይ አንድ ይሆናል። እያንዳንዳችን ለየብቻ ክፍል ተከራይተን፣ ለየብቻ ከሰል ገዝተን፣ ለየብቻ ወጥ ሠርተን የምናወጣውን ወጪ ማንም አላሰላውም። ያኔ ትዳር ማለት ጎጆ ሞልቶ፣ ድግስ ደግሶ፣ ቬሎ ለብሶ መግባት ነበር፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ እስኪያገኝ ይቆያል፣ እየቆየም ለብቻው ይደኸያል። ለዚህ ነው «ትዳር በረከት አለው» ሲባል በጥያቄ የምሰማው። ባልደረባዬን ያበለጸጋት ማግባቷ ብቻ አልነበረም። ባሏም እሷም ከኋላቸው የሚሰጥ ቤተሰብ ነበራቸው፣ ጋብቻው ሁለቱን አገናኘ። የኔና የመምህሩ ጋብቻ ደግሞ የሚጠብቁ ሁለት ቤተሰቦችን ነበር የሚያገናኘው። ከቤተሰብ ወደ ጥንዶቹ የሚመጣ ገንዘብና ከጥንዶቹ ወደ ቤተሰብ የሚሄድ ገንዘብ በአንድ የደመወዝ ደረጃ ላይ ያሉ ሰዎችን ምን ያህል እንደሚያራርቅ የደመወዝ ሰነድ አያሳይም።

ይህን አፍ አውጥታ የነገረችኝ ባልደረባዬ ራሷ ናት። የ40/60 ቤት በደረሳቸው ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ሲጀመር የተባለው ተመዝጋቢው 40 በመቶ ይቆጥባል፣ 60 በመቶውን ባንክ ያበድራል ነበር። በ2009 ዓ.ም. በሰንጋተራና በክራውን ሳይቶች የመጀመሪያዎቹ 972 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ግን ዕጣው ውስጥ የገቡት ሙሉውን ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ሆኑ። እስቲ የትኛው ደመወዝተኛ ነው ከደመወዙ ቆጥቦ መቶ በመቶ የሚከፍለው? ልጁ ውጭ አገር ያለ፣ አባቱ የሚሸጥ ነገር ያለው፣ አማቱ የሚያበድረው ሰው ነው። እኩል ዕድል ተብሎ የወጣ ዕጣ የተመዝጋቢውን ሳይሆን የዘመዶቹን ኪስ መዘነ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቤታቸው ምርቃት ዕለት እንግዳው ሁሉ «ጎበዞች ናችሁ፣ ከእናንተ እንማር» ይላል። እሷ ወጥ ቤት ገብታ ቡናውን እየወቀጠች ጠራችኝ። «ስሚ፣ እኔን ጎበዝ ሲሉኝ ያሳፍረኛል» አለችኝ። «ይሄን ቤት በደሞዛችን የገዛነው አይምሰልሽ። ግማሹን ዋሽንግተን ያለው የባሌ ወንድም ነው የላከው። ከቀረውም ውስጥ አማቼ የሰጡን አለበት። ገርጂ ኪራይ ብንከፍል ኖሮ፣ እማዬ ልጆቹን ባትይዝልኝ ኖሮ፣ እኔና አንቺ ዛሬ አንድ ነበርን።» ሙቀጫውን አስቀምጣ አየችኝ። «አንቺ ስንት ሰው አስተምረሽ ነው እዚህ የደረስሽው? ለምን እሱን አትናገሪም?»

አለቀስኩ። ለዓመታት በልቤ የተቆጣኋት ሴት ማንም ያልሰጠኝን ምስክርነት ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ ናት። እንደሷ ያገኙ ሰዎች ሁሉ እንደሷ ቢናገሩ ምን ያህል ወጣት ራሱን ሰነፍ ነኝ እያለ ከመሰቃየት በዳነ ነበር። ያገኘ ሰው ስለ ላቡ ያወራል፤ ስለ ሰርቪስ ቤቷ፣ ስለ አያቶቹ፣ ከውጭ ስለሚመጣው ዶላር አያወራም። ዶላሩም ቢሆን ኃይሉ እየጨመረ ነው የሄደው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውጭ ዘመድ ያለው ቤት የሚላክለት በብር ሲቆጠር በእጥፍ ገደማ አደገ፣ የሌለው ቤት ዘይቱን ብቻ በጨመረ ዋጋ ገዛ።

የምርቃቱ ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ያለፉትን ዓመታት ማስታወሻ ደብተሮቼን አወጣሁ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ የላክሁትን ሁሉ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ደምሬው ግን አላውቅም ነበር። ስደምረው ለአንድ ባለ አንድ መኝታ የ40/60 ቤት ከሚጠየቀው 40 በመቶ በልጦ ተገኘ። ደብተሩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ገንዘቡ የትም እንዳልጠፋ ግን ታየኝ። ጎንደር ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ እህቴ ውስጥ አለ፣ መሐንዲሱ ወንድሜ ውስጥ አለ፣ በእናቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ አለ። በኔ ስም የተመዘገበ አለመሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሀብት ሲቆጠር ደግሞ የሚቆጠረው በስም ያለው ነው።

እናቴ ይህን ከኔ ቀድማ ታውቀዋለች። በሷ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ዋናው ጥያቄ ማጫው ነው፤ የልጁ አባት ስንት ከብት እንደሚያስገባ ይናገራል፣ የልጅቱም አባት በዚያው ልክ ይመልሳል። ሁለት በሬ የሚጥል ሁለት በሬ ከሚጥል ጋር ይዛመዳል፣ ጊደር ያለው ጊደር ካለው ጋር። አባቴ አንድ በሬ፣ እናቴ አንዲት ጊደር ይዘው ጎጆ ወጡ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ አባቴ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይዞ በተራ ያርሱ ነበር። ዝናቡ ሲጥል የመጀመሪያው ተራ የጎረቤቱ ከሆነ የኛ መሬት ይዘገያል፤ የዘገየ ጤፍ ደግሞ ያንሳል። በዚያው ዓመት በሁለት በሬ የተዳረው ጎረቤታችን በወቅቱ አርሶ፣ አቅም ካነሳቸው ሰዎች መሬት በእኩል ይዞ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ላምና በቅሎ ጨመረ። ልጆቹንም ከመሰሎቹ ጋር ዳረ። እናቴ «እኛ የተለያየነው የተዳርን ዕለት ነው» ትላለች፤ ያለ ምሬት፣ ዝናብ ዘንቧል እንደማለት አድርጋ። በአያቴ ዘመን ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሴት ብትፈታ ከጋራው ሀብት ትካፈላለች፤ ወላጆቿ የሚጥሉላት ያጡ ልጅ ግን በደመወዝ ጋብቻ ትገባና ስትወጣ የተቆረጠላትን ብቻ ይዛ ትወጣ ነበር።

ማርሴል ፋፍሻምና አግነስ ኪሱምቢንግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ1989 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ገጠር የተሰበሰበ የቤተሰብ ጥናት መርምረው የጻፉትን ሳነብ የእናቴን ቃል ያነበብኩ መሰለኝ። ጥንዶች ጎጆ ሲወጡ ይዘውት የሚገቡት መሬትና ከብት በአመዛኙ ከወላጅ የሚመጣ ነው፤ ያለው ካለው ጋር ይጋባል፤ በኛ አገር ልኩ እኩል ቢሆንም በጥናቱ በአማካይ ሙሽራው የሚያስገባው ሀብት ሙሽራዋ ከምታመጣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በዚህም ጋብቻው የወላጆችን ልዩነት ወደ ልጆች ያሻግረዋል። ከገጠሩ በሬ ወደ ገርጂዋ ሰርቪስ ሳስብ መንገዱ አንድ ነው። ከተማው ስሙን ቀየረው እንጂ አሠራሩን አልቀየረውም።

ከሁሉ የሚያመኝ የታናሽ እህቴ ታሪክ ነው፤ ፖስታዬን ለእናቴ ታነብላት የነበረችው። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር በደላላ ጅዳ ሄደች፣ ሰው ቤት ለመሥራት። ከኔ ይልቅ እሷ ትልክ ነበር። እናቴ ባንክ ደብተር ስላልነበራት ገንዘቡ በሌላው ወንድሜ ስም ይመጣል። በዚያ ገንዘብ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፣ ወንድሜ ባጃጅ ገዛ። ባጃጅ ያለው ልጅ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ልጅ አይከለከልም፤ ጥሩ ቤተሰብ አገኘ፣ አማቶቹም ቦታ ሰጡት፣ ቤት ሠራ። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እህቴ አንዷ ናት። ቦሌ ስቀበላት አንዲት የትከሻ ቦርሳና በፌስታል የያዘችው ብርድ ልብስ ነበር ያላት።

አገር ቤት ገብታ ከሰነበተች በኋላ «የኔስ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ዝም አለ። ወንድሜ ሌባ አይደለም፤ «ለቤተሰብ ነው የዋለው» ያለው እውነቱን ነው። ባጃጁ ለእናቴ ቀለብ ያስገባ ነበር። ግን የሷ ላብ የሱ የትዳር መነሻ ሆነ፣ እሷ ያለ ጎጆና ያለ ጥሪት ቀረች። ማንም አልሰረቃት፣ ሁሉም ተጠቀመባት። እንዲህ ያለው ነገር በስንት ቤት አለ! ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ የሚመጣ የእህት ገንዘብ ስንት ወንድም ድሯል!

የፋሲካ ሰሞን ስድስታችንም እናታችን ቤት ስንሰበሰብ ጉዳዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ድፍረቱን ያገኘሁት ከባልደረባዬ ቡና ነው ብል አልዋሸሁም። ደብተሬን አወጣሁና አነበብኩላቸው፤ የኔን ብቻ ሳይሆን እህቴ የላከችውንም ካስታወስነው ጽፌ። ባለ ባጃጁ ወንድሜ በመጀመሪያ ተቆጣ። «እታለም፣ ለእናት የተሰጠ ይቆጠራል እንዴ?» አለ። እናቴ ናት የመለሰችለት። «ልጄ፣ ከብትም ይቆጠራል፣ እህልም ይሰፈራል። ያልተቆጠረ የማን እንደሆነ አይታወቅም» አለችው። እሷ ይህን የምታውቅበት ምክንያት አላት። አባታችን ሲሞት አጎቶቻችን መሬቱን ሊካፈሉት አስበው ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር መሰጠት ሲጀምር ፎቶዋ የተለጠፈበት ደብተር በስሟ ወጣላት፣ ነገሩም በዚያው ተቋጨ።

ያን ዕለት የተስማማነው ቀላል ነገር ነው። ለእናታችን የሚላከው ከስድስታችንም በገቢያችን መጠን ይሆናል፣ ያገቡትም ከባሎቻቸውና ከሚስቶቻቸው ጋር ተነጋግረውበት እንደ ቤት ወጪ ይይዙታል። ወንድሜ ከባጃጁ ገቢ ለእህታችን በየወሩ በስሟ ባንክ ያስገባል። በዚያ ገንዘብ ደብረ ማርቆስ አንዲት የሸቀጥ ሱቅ ከፍታለች። ንግድ ፈቃዱ በስሟ ነው። ለኔም ቤት ደረሰኝ። በ1997 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ስለነበር ቦሌ አራብሳ ባለ አንድ መኝታ ወጣልኝ፤ ለሴቶች የተለየው የ30 በመቶ ድርሻ ባይኖር ኖሮ ይወጣልኝ እንደነበር እጠራጠራለሁ። አማት የሌላት፣ ውጭ ዘመድ የሌላት ሴት ቤት ልታገኝ የምትችለው እንዲህ የሚቆምላት ሕግ ሲኖር ነው። ቤቱን በባዶ ግድግዳ ስረከብ በርና ሴራሚኩን፣ የቧንቧና የመብራት ዕቃውን ወንድሞቼና እህቶቼ ተካፍለው ገዙልኝ። መሐንዲሱ ወንድሜ ሠራተኞቹን ራሱ ቆሞ አሠራ።

አሁን የሁላችንም ታናሽ ሊያገባ ነው። የሚያገባት ልጅ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሳሪስ ግቢ አላቸው፣ ሰርቪሱን ሊሰጧቸው ፈቅደዋል። ወንድሜ ደነገጠ፤ ወንድ ልጅ አማቱ ግቢ መኖሩ ነውር ይመስለዋል። «ተቀበል» አልኩት። «የኪራይን ጉድ እኔ አውቀዋለሁ። አንተ የምታፍርበት ነፃ ቤት ለሌላው መነሻው ነው። ተቀበልና ከማን እንዳገኘኸው ግን አትርሳ፣ ለሰውም ንገር።»

ሁለቱንም አስቀምጬ ስለ ሕጉ ነገርኳቸው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ሲጋቡ እያንዳንዳቸው ያላቸውና በኋላም በስጦታ ወይም በውርስ የሚያገኙት የግል ሀብታቸው ነው። ደመወዛቸው ግን የጋራ ነው፣ ከግል ሀብት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው። የግል ገንዘብ ወጥቶ የተገዛ ንብረት የግል ሆኖ እንዲቀጥል ከተፈለገ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማጸደቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የሚያውቀው ሲጣላ ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩም ቢሆኑ ኑሯቸው ከ3 ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራቸው ነው። የጋብቻ ውል ማድረግ ይችላሉ፤ በጽሑፍ ሆኖ ከሙሽራው ወገን ሁለት፣ ከሙሽራዋ ወገን ሁለት ምስክር ይፈርምበታል። ልጅቷ «ውል ማለት አለመተማመን አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ ያየሁት ግን ሰው የሚጣላው ባልተነገረው ነገር መሆኑን ነው፤ ሲነጋገሩ ያፈሩት ሲለያዩ ችሎት ፊት ይነገራል።

ውሉን ጻፉ። ከሱ ወገን አንዷ ምስክር እኔ ነኝ፤ ሌላኛዋ የሱቋ ባለቤት እህቴ። ከውሉ ውጪ ደግሞ በራሳቸው ደብተር ላይ ስለ ኪራዩ ተስማሙ። ሳሪስ በነፃ ስለሚኖሩ በየወሩ የሚቀረውን ኪራይ ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ አንዱ እጅ በሁለቱም ስም ለቤት የሚቆጠብ፣ አንዱ ለእናታችን የሱ ድርሻ፣ አንዱ የሷ ታናሽ ወንድም ኮሌጅ እስኪጨርስ የሚረዳበት። ሦስተኛውን ያስገባው ወንድሜ ራሱ ነው፤ እሷ አልጠየቀችውም ነበር። ታናሽ ወንድሟም ምዝገባውን ጨርሶ ትምህርት ጀምሯል።